የመኪና መስታወት ከሰው እጅ የወጣበት መንገድ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከፋብሪካ ይወጡ የነበሩ መኪናዎች አብዛኞቹ መስታወት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ሹፌሩ ነፋሱንና አቧራውን የሚከላከለው በዓይን መነጽርና በወፍራም ካፖርት ነበር። ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ ከፊት ለፊት መስታወት ማቆም ግድ ሆነ፤ የሚቆመው መስታወት ግን ለቤት መስኮት ከሚሠራው በምንም አይለይም። መኪናው ሲላተም ረጃጅምና ስለታም ስባሪ ሆኖ ተሳፋሪው ፊት ላይ ይዘንባል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያን ጊዜ ጠፍጣፋ መስታወት የሚገኘው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው የነፊዎች መንገድ ነው፤ ብርቱ ሳንባ ያለው ባለሙያ በረጅም የብረት ቱቦ ጫፍ የተጠቀለለውን የቀለጠ መስታወት እየነፋና እያወዛወዘ ረጅም ሲሊንደር ያደርገዋል። ሲሊንደሩ ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ፣ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ ምድጃ ውስጥ ዳግም ሲግል ይዘረጋል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ፊቱ ግን ሞገድ ስለማያጣ በውስጡ የሚታየው ነገር ይዛባል። ሁለተኛው፣ በ1665 በፈረንሳይ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን ከተመሠረተውና ኋላ ሴን ጎቤን ተብሎ ከታወቀው ኩባንያ ጋር ስሙ የሚነሣው የማፍሰስ ዘዴ ነው። የቀለጠው መስታወት በብረት ጠረጴዛ ላይ ይፈስና በከባድ ብረት ይዳመጣል። ሲበርድ ሁለቱም ፊቱ ሻካራ ስለሚሆን መጀመሪያ በአሸዋና በውኃ ይፋቃል፤ ቀጥሎ በደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ይወለወላል። ውጤቱ እንከን የለሽ ነው፤ ዋጋውም የመኳንንት።

ማሽን መጀመሪያ የተካው የነፊውን ሳንባ ነው። አሜሪካዊው ጆን ላበርስ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሲሊንደሩን በታመቀ አየር እየነፋ ከማቅለጫው ወደ ላይ የሚስብ ማሽን ሠራ፤ ማሽኑ የሚያወጣው ሲሊንደር ሰው በትንፋሹ ሊያወጣው ከሚችለው እጅግ የበለጠ ነበር። በዚያው ዘመን ቤልጂጋዊው ኤሚል ፉርኮ ሲሊንደሩን ራሱን አስቀረው። የቀለጠውን መስታወት በቀጥታ በዝርግ መልኩ ሽቅብ የሚጎትት ዘዴ ነደፈ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮም ዘዴው በአውሮፓ ፋብሪካዎች ገባ። አሜሪካዊው ኧርቪንግ ኮልበርን ደግሞ ሽቅብ የወጣውን ዝርግ በሮለር ላይ አጥፎ አግድም እንዲጓዝ አደረገ። ኮልበርን በዚህ ሥራ ገንዘቡን ጨርሶ ስለከሰረ የፈጠራ መብቱን በ1912 የገዙት የጠርሙስ ማሽን በመፈልሰፍ የታወቀው የማይክል ኦወንስ ወገኖች ናቸው። ሊቢ ኦወንስ የተባለው ኩባንያቸው በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በቻርልስተን ማምረት የጀመረው በ1917 ነው፤ ኮልበርን የሞተውም በዚያው ዓመት ነው።

ከእነዚህ ፈጠራዎች የሚታየው ነገር የቀጣዩን ታሪክ አቅጣጫ ይናገራል። መስታወት ፈሳሽ እስከሆነና ሳይቆረጥ እንደ ሪባን እስከተጓዘ ድረስ ለማሽን የሚመች ቁስ ነው፤ ራሱ ይፈሳል፣ ራሱ ይዘረጋል፣ ሙቀቱንና ፍጥነቱን መቆጣጠር ብቻ ይበቃል። ጣጣው የሚጀምረው ሲቆረጥ ነው። ከተቆረጠ በኋላ እያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱ ቅርጽ፣ የሚቆርጥ ጠርዝና ለመሰበር ዝግጁ የሆነ ጠባይ አለው። የመስታወት ማምረቻው ከሰው እጅ በቶሎ ሲወጣ የመኪና መስኮት ሥራው ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘግይቶ የተከተለው በዚህ ምክንያት ነው።

በማሽን ተጎትቶ የወጣው መስታወት ለቤት መስኮት ይበቃ ነበር፤ ሹፌር በእሱ ውስጥ እያየ በፍጥነት ሊነዳ ግን አይችልም፤ መንገዱ ይንቀጠቀጥበታል። ስለዚህ መኪና ሠሪዎች የተፈገፈገውን ውድ መስታወት ፈለጉ፤ የፈለጉትም በገፍ ነው። በ1919 በአሜሪካ ከተሸጡት መኪናዎች ጣሪያና መስኮት ያላቸው ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ1927 ግን 85 ደርሰዋል። ቀድሞ አንድ የፊት መስታወት ይበቃው የነበረ መኪና አሁን ከፊት፣ ከኋላና በየበሩ መስታወት ይጠይቃል። ገበያው ሊያቀርብ ከሚችለው በላይ መስታወት የሚፈጀው ሄንሪ ፎርድ ነገሩን በራሱ መንገድ ያዘው። በግለ ታሪኩ እንደጻፈው፣ የመስታወት ሊቃውንት ያልተቋረጠ የማፍሰስ ዘዴ አይሆንም ስላሉት ሥራውን መስታወት ፋብሪካ ረግጠው ለማያውቁ ሰዎች ሰጠ። በሃይላንድ ፓርክ ከተደረገው ሙከራ በኋላ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በሩዥ ፋብሪካው የቀለጠው መስታወት ከምድጃው ሳይቋረጥ እየፈሰሰ፣ በሁለት ሮለሮች መካከል እየተዳመጠ፣ ረጅም የማብረጃ ምድጃ ውስጥ እየተጓዘ መውጣት ጀመረ። ወዲያው ተቆርጦ በሚንቀሳቀሱ ጠረጴዛዎች ላይ በጂፕሰም ይጣበቅና በተደረደሩ የሚሽከረከሩ ዲስኮች ሥር እያለፈ ይፋቃል፣ ይወለወላል።

ከፎርድ ጋር በዚህ ሥራ ልምድ የተለዋወጠው የእንግሊዙ የፒልኪንግተን ኩባንያ ነገሩን አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው። በዶንካስተር ፋብሪካው በ1935 የመስታወቱ ሪባን ሳይቆረጥ ከላይና ከታች በአንድ ጊዜ የሚፈገፈግበትን ማሽን ተከለ። ለዚያ ዘመን ታላቅ የምሕንድስና ሥራ ነበር። ሆኖም ብዙ ኃይል፣ ብዙ አሸዋና ብዙ ውኃ ይበላል፤ ከመስታወቱም ትልቅ ድርሻ ተፍቆ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

መስታወቱ በገፍ ሲመጣ የስለቱ ጉዳይም ፊት ለፊት መጣ። መፍትሔው ከመኪና ጋር ግንኙነት ከሌለው ቦታ የመነጨ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊና ኬሚስት ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ በ1903 ቤተ ሙከራው ውስጥ ከመደርደሪያ የወደቀ ብልቃጥ ተሰንጥቆ ሳለ ሳይበተን ተያይዞ መቅረቱን አየ። በብልቃጡ ውስጥ ቀድሞ የነበረ የሴሉሎስ ናይትሬት ፈሳሽ ደርቆ ውስጡን በስሱ ለብሶታል። ቤኔዲክቱስ በሁለት መስታወት መካከል ይህን የመሰለ ንብርብር በማስገባት ያገኘውን ውጤት በ1909 በፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ስሙንም ትሪፕሌክስ አለው። መጀመሪያ በሰፊው የተጠቀመበት ጦሩ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጋዝ ጭምብል መነጽር ሆነ። በ1927 መጨረሻ ገበያ የወጣው የፎርድ ሞዴል ኤ የፊት መስታወቱን በዚህ ዓይነት ንብርብር ከሠሩት በገፍ የተመረቱ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አንዱ ነበር። ሴሉሎሱ በፀሐይ ቢጫ እየሆነ ስለሚሄድ በ1930ዎቹ መጨረሻ ቦታውን ፖሊቪኒል ቡቲራል ለተባለው ጥርት ያለና የሚለጠጥ ፕላስቲክ ለቀቀ፤ ፕላስቲኩ እስከ ዛሬ ድረስ ተተኪ አላገኘም።

ለበርና ለኋላ መስኮት የተመረጠው ሌላ ዘዴ ነው። መስታወቱ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማና ከዚያ ጥቂት ከፍ ብሎ ይግልና በቀዝቃዛ የአየር ጅረት በድንገት ይመታል። ውጪው ቀድሞ ይደርቃል፤ ውስጡ ኋላ ሲበርድ ውጪውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በዚህ ምክንያት ፊቱ ሁልጊዜ ተጨምቆ ስለሚኖር ጥንካሬው ይበዛል፤ ከተሰበረም እንክብል በሚያህሉ ድፍን ጠርዝ ባላቸው ቅንጣቶች ይበተናል። የሐሳቡ መነሻ እስከ 1874 ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያኔ ፈረንሳዊው ሮዋዬ ደ ላ ባስቲ የጋለ መስታወት ዘይት ውስጥ እየነከረ ያጠነክር ነበር። በዚህ ዘዴ የተሠራ መስታወት አንድ የማይለወጥ ሕግ አለው፤ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ቅርጹ፣ ቀዳዳውና ጠርዙ አስቀድሞ ማለቅ አለበት፤ ስሕተት ከተገኘ መፍትሔው መጣል ብቻ ነው። ይህ ሕግ የፋብሪካውን አደረጃጀት ዛሬም ድረስ ይገዛል።

የቅርጽ ውበት የሚሹ ንድፍ አውጪዎች ሌላ ራስ ምታት አመጡ። የ1934 የክራይስለር ኢምፔሪያል ኤርፍሎው ትልቁ ዓይነት አንድ ወጥ የታጠፈ የፊት መስታወት ይዞ ወጣ። በ1950ዎቹ ደግሞ ከካዲላክና ከኦልድስሞቢል የተጀመረው፣ ጎንና ጎኑ ወደ በሮቹ የሚዞር የፊት መስታወት የአሜሪካ መኪና ሁሉ ልብስ ሆነ። ይህን ቅርጽ ለማውጣት ሁለቱ የመስታወት ገበታዎች አንድ ላይ ተደርበው፣ እንዳይጣበቁ በመካከላቸው ዱቄት ተነስንሶ፣ ጠርዛቸውን ብቻ በሚደግፍ የብረት ቀለበት ላይ ይቀመጣሉ። ምድጃ ውስጥ ሲገቡ በራሳቸው ክብደት እየለዘቡ ወደ ቀለበቱ ቅርጽ ይወርዳሉ። ዘዴው የመሬት ስበትን ሠራተኛ ያደርገዋል፤ በቀለበቱ ላይ የሚጭንና ከቀለበቱ የሚያወርድ ግን ወፍራም ጓንት ያጠለቀ ሰው ነበር።

በዚህ መካከል መስታወት የማምረቱ ሥራ የመጨረሻ ትልቅ ለውጡን አየ። በ1947 በሴንት ሄለንስ ከተማ ወደሚገኘው የፒልኪንግተን ኩባንያ የገባው መሐንዲስ አልስተር ፒልኪንግተን ስሙ ከባለቤቶቹ ቢገጥምም የሥጋ ዝምድና አልነበረውም። በ1952 የጀመረው ሥራ መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ዘይት በውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ የቀለጠ መስታወት በቀለጠ ብረት ላይ ቢንሳፈፍ ሁለቱም ፊቱ ያለ ፍግፈጋ ለስላሳ ይሆናል። የተመረጠው ብረት ቲን ነው፤ በአነስተኛ ሙቀት ይቀልጣል፣ መስታወቱ ጠጣር በሚሆንበት ሙቀት ላይም ገና ፈሳሽ ነው። ቲኑ በኦክስጅን እንዳይበላሽ ገንዳው በናይትሮጅንና በሃይድሮጅን ድብልቅ ይሞላል። መስታወቱ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ገብቶ በ600 ዲግሪ ገደማ ይወጣል።

ሐሳቡ ቀላል ይሁን እንጂ ሥራው ኩባንያውን ሊያከስረው ደርሶ ነበር። በ1957 ሥራ የጀመረው ሙሉ መጠን ያለው ማምረቻ ለ14 ወራት ሊሸጥ የማይችል መስታወት ብቻ አመረተ፤ ሁሉም ተሰብሮ ወደ ማቅለጫው ተመለሰ። የባለቤቶቹ ቤተሰብ በዚህ ሁሉ ወጪ ታግሦ መቆየቱ በኢንዱስትሪ ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው፤ ኩባንያው አክሲዮን ገበያ ያልወጣና ለማንም መልስ የማይሰጥ መሆኑ ሳይጠቅመው አልቀረም። ግኝቱ በጥር 1959 ለዓለም ተነገረ። ሰባት ዓመትና ወደ ሰባት ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል። በ1962 የአሜሪካው ፒትስበርግ ፕሌት ግላስ ፈቃድ ገዛ፤ በ1960ዎቹ ውስጥ ሌሎቹ ታላላቅ አምራቾችም ተከተሉ። መጀመሪያ የሚወጣው ስድስት ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ብቻ ነበር፤ ሪባኑን በጎን እየያዙ ማሳሳት ሲቻል ለመኪና የሚሆነውም መጣ። የዶንካስተሩ ዓይነት የመፈግፈጊያ መስመር ሁሉ በጥቂት ዓመታት የብረት ክምር ሆነ። ተንሳፋፊው መስመር ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ለዓመታት ይሠራል፤ የሚቆጣጠሩት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

መስታወቱ ከዚያ መስመር ጫፍ ተቆርጦ በትልልቅ ገበታ ወደ መኪና መስታወት ፋብሪካ ሲደርስ ግን የ1960ዎቹ ሠራተኛ ውሎው ከአባቱ ብዙ አልተለየም። ገበታውን ያነሣል፣ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፣ የእንጨት ወይም የብረት ምሳሌ እያስደገፈ ይጭራል፣ ትርፉን ይሰብራል፣ ጠርዙን ወደሚሽከረከር ድንጋይ እያስጠጋ ይሞርዳል፣ ያጥባል፣ ለእቶን ይጭናል። የፊት መስታወት ከሆነ በንጹሕ ክፍል ውስጥ ፕላስቲኩ በሁለቱ መካከል በእጅ ይነጠፋል። እጁ ይቆረጣል፣ ወገቡ ይጎብጣል፣ እቶኑ ዳር ደግሞ ሙቀቱ አያስቆምም።

የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት ከመኪና መስኮት ጋር ያለው ዝምድና የሚያስገርም ነው። ጆርጅ ዴቮል በ1954 የፈጠራ መብት የጠየቀበትና ጆሴፍ ኤንግልበርገር ወደ ገበያ ያወጣው ዩኒሜት በ1961 የተተከለው በኒው ጀርሲ ትሬንተን አጠገብ ባለ የጄኔራል ሞተርስ ተርንስቴት ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው የሚሠራው የበርና የመስኮት እጀታን የመሳሰሉ የመኪና ዕቃዎችን ነበር። ሮቦቱ መስታወት አልነካም፤ ከቅርጽ ማውጫው ውስጥ የጋለ ብረት እያወጣ ይደረድራል። ሁለት ቶን የሚጠጋው ይህ በሃይድሮሊክ የሚሠራ ክንድ ለመስታወት የሚሆን ስስነት ፈጽሞ አልነበረውም። ብረት ቢገጭ ይጎብጣል፤ መስታወት ቢገጭ መስመሩ ሁሉ ቆሞ ስባሪ ይጠረጋል።

ስስነቱ የመጣው ከኤሌክትሪክ ሞተርና ከማይክሮፕሮሰሰር ነው። የጀርመኑ ኩካ በ1973 ስድስት መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀሱ ክንድ አሳየ፤ የስዊድኑ አሴያ በ1974 በማይክሮፕሮሰሰር የሚመራውን አይአርቢ 6 ለገበያ አቀረበ። በዚያው ጊዜ የእቶኑ ሥራም ተለወጠ። ሃሮልድ ማክማስተርና ባልደረቦቹ በ1971 በኦሃዮ ያቋቋሙት ግላስቴክ በሮለር ላይ እየተጓዘ የሚግል፣ የሚታጠፍና ወዲያው በአየር የሚጠነክር መስመር ለዓለም ፋብሪካዎች ሸጠ፤ ከፊንላንድ ከተማ ከታምፔሬ የመጣው ታምግላስም በዚህ ሥራ ስም አወጣ። የበር መስታወት ከማጠቢያው ገብቶ ጠንክሮ እስኪወጣ ድረስ ሰው ሳይነካው መጓዝ ቻለ። የፊት መስታወት ግን ሁለት ገበታ ስለሆነና ፕላስቲክ ስለሚገባበት በእጅ መዳሰሱን ቀጠለ።

ሮቦትን ወደ መስታወት ያቀረበው ከፋብሪካው ውጭ የወጣ ሕግ ነው ማለት ይቻላል። ራልፍ ኔደር በ1965 ስለ አሜሪካ መኪናዎች አደገኛነት መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ በ1966 የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት የፊት መስታወቱ ፕላስቲክ ውፍረት ከ0.38 ወደ 0.76 ሚሊሜትር በእጥፍ አደገ፤ የተሳፋሪው ጭንቅላት ሲመታው በስቶ እንዳይወጣ ነው። ቀጥሎ የመጣው ደንብ ቁጥር 212 በግጭት ጊዜ መስታወቱ ከመኪናው አካል እንዳይላቀቅ አስገደደ። በጎማ ጥብጣብ ብቻ ተወጥሮ የሚቆመው የድሮው አገጣጠም ለዚህ አልበቃም። መፍትሔው ፖሊዩሬታን የተባለው ብርቱ ማጣበቂያ ሆነ። ማጣበቂያው ሌላ ጥቅምም አመጣ፤ መስታወቱ ከአካሉ ጋር እኩል ስለሚያርፍ ነፋሱ አይደናቀፍም። በ1982 የወጣው አውዲ 100 የነፋስ መቋቋሚያ ቁጥሩን ወደ 0.30 ያወረደው በከፊል በዚህ ዓይነት አገጣጠም ነው።

ማጣበቂያው ግን ከሰው እጅ የማይጠበቅ ትክክለኛነት ይጠይቃል። በመስታወቱ ጠርዝ ዙሪያ ከፍታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተዛነፈ፣ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው መስመር መፍሰስ አለበት፤ አንድ ቦታ ከሳሳ ውኃ ይገባል፣ ከተቋረጠም ደንቡ ይጣሳል። በአንድ ፈረቃ መቶ ጊዜ ያለ ስሕተት ይህን መድገም ለሰው ከባድ፣ ለሮቦት ግን ተፈጥሮው ነው። ክንዱ መስታወቱን አየር እየመጠጡ በሚይዙ የጎማ ጽዋዎች ያነሣዋል። በጠርዙ ላይ አስቀድሞ የታተመውን ጥቁር የሴራሚክ ቀለም ቀቢ መሣሪያ በማጣበቂያ ማስያዣ ፈሳሽ ያብሰዋል፤ ጥቁሩ ቀለም ለጌጥ ሳይሆን ማጣበቂያውን ከፀሐይ ጨረር ለመጠበቅ የተቀባ ነው። ቀጥሎ ሮቦቱ መስታወቱን ይዞ ቆሞ በሚያፈስስ አፍንጫ ሥር ዙሪያውን ያዞረዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ማጣበቂያው ሳይሆን መስታወቱ ነው። ማጣበቂያው ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፊቱ መድረቅ ስለሚጀምር ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። መኪናው ደግሞ በየጊዜው በትክክል አንድ ቦታ ላይ አይቆምም፤ ጥቂት ሚሊሜትር ወዲያ ወይም ወዲህ ይላል። ስለዚህ ካሜራዎችና የሌዘር መለኪያዎች የመስኮቱን አራት ጠርዝ ለክተው ለክንዱ ይነግሩታል፤ ክንዱም ክፍተቱን በሁሉም ጎን አካፍሎ መስታወቱን ይጫነዋል።

ይህ ስኬት ብዙዎችን አስመካ። ጄኔራል ሞተርስ በ1985 በዲትሮይት ሃምትራምክ የከፈተው ፋብሪካ ከ200 በላይ ሮቦቶች ይዞ ተነሣ፤ ሮቦቶቹ እርስ በርስ ቀለም የተቀባቡበት የመጀመሪያ ወራት ወሬ የኢንዱስትሪው ተረት ሆኖ ቀርቷል። ፎልክስቫገን በ1983 በዎልፍስቡርግ ያስመረቀው አዳራሽ 54ና ፊያት በ1988 ለቲፖ መኪናው በካሲኖ ከተማ ያዘጋጀው መስመር የመጨረሻውን ገጣጠማ በብዛት ለማሽን ሰጡ፤ ሁለቱም ባላሰቡት መልክ በብልሽት ተያዙ፣ ከዚያ ወዲህ የሠሯቸው መስመሮችም የሰውን ድርሻ መለሱ። ሮቦት ሰው ሲገጥመው አለማየቱም ሕይወት አስከፍሏል። በ1979 በሚሺጋን የፎርድ ማቅለጫ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በማከማቻ ማሽን ክንድ ተመትቶ ሞተ፤ በሮቦት የተገደለ የመጀመሪያው ሰው ተደርጎ ይጠቀሳል። የመስታወት ሮቦቶች ዛሬ በብረት አጥር የታጠሩትና በሩ ሲከፈት የሚቆሙት ከእንደዚህ ዓይነት አደጋ በኋላ በተጠናከረ ልማድ ነው።

በፋብሪካው ውስጥ ደግሞ የእንጨት ምሳሌው ቀስ በቀስ ሄደ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ መቁረጫ ጠረጴዛዎቹ በኮምፒውተር መመራት ያዙ፤ ጠንካራዋ መንኮራኩር በመኪናው ሥዕል የተሰጣትን መስመር ተከትላ ትጭራለች፣ ጠርዙን በአልማዝ የሚሞርደው ማሽንም ያንኑ ሥዕል ያነባል። የመኪና ዓይነት ሲቀየር ቀድሞ ምሳሌ ማሠራት የሚፈልገው ሥራ አሁን ፋይል መቀየር ሆነ። ክንዶቹ በማሽኖቹ መካከል እየተመላለሱ ጭነው ያወርዳሉ። ሁለቱ ገበታዎች የሚጋቡበት ክፍል አቧራው፣ ሙቀቱና እርጥበቱ በቁጥጥር ሥር ነው፤ ፕላስቲኩ እርጥበት ከጠጣ መስታወቱ ኋላ አረፋ ያወጣል። ከዚያ አየሩ ተመጥጦ፣ አውቶክሌቭ በሚባለው ትልቅ የግፊት ጋን ውስጥ በ140 ዲግሪ ገደማና ከከባቢ አየር በአሥር እጥፍ በሚበልጥ ግፊት ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ለረጅም ጊዜ ለሰው የቀረው ሥራ ከጠርዝ የተረፈውን ፕላስቲክ በምላጭ መቁረጥ ነበር። ለስላሳና ተለዋዋጭ ነገር ክንድን ግራ ያጋባዋል።

ከእጅ ይልቅ የዘገየው ዓይን ነው። አንድ ልምድ ያለው መርማሪ መስታወቱን በዘንበልታ አቁሞ ከኋላው በተሰቀለ የጥቁርና ነጭ ሰንበር ሰሌዳ ላይ ያያል፤ ሰንበሩ የሚታጠፍበት ቦታ ካለ ሹፌሩ መንገዱን የሚያዛባ ጉድለት አለ ማለት ነው። ይህን ወደ ማሽን ለማስተላለፍ ሁለት ነገር አስቸገረ፤ መስታወት የማይታይ ነገር ነው፣ የታጠፈ መስታወት ደግሞ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያንጸባርቃል። መፍትሔው የመርማሪውን ዘዴ በኮምፒውተር መድገም ሆነ። ሰሌዳው ወደ ስክሪን ተቀየረ፤ ካሜራ በመስታወቱ አሻግሮ የታጠፈውን ሰንበር ከቀጥተኛው ጋር አስተያይቶ ጉድለቱን በቁጥር ይናገራል። የማሽን ዕይታ ሥርዓቶች ርካሽና ፈጣን ከሆኑበት ከ1990ዎቹ ወዲህ ዘዴው ተስፋፋ፤ ሆኖም በብዙ ፋብሪካዎች ጭረትና ቆሻሻን ለመለየት በመብራት ሥር የቆመ ሰው ከካሜራው በኋላ አሁንም አለ።

የኩባንያዎቹ ካርታም በዚህ ጊዜ ተገለባበጠ። ሊቢ ኦወንስ፣ በኋለኛ ስሙ ሊቢ ኦወንስ ፎርድ፣ በ1986 የመስታወት ሥራውን ለፒልኪንግተን ሸጠ፤ ፒልኪንግተን ራሱ በ2006 በጃፓኑ ኒፖን ሺት ግላስ ተገዛ። በቻይና ፉጂያን ግዛት በፉቺንግ ከተማ የውኃ ቆጣሪ መስታወት በመሥራት የጀመረው ጻኦ ደዋንግ በ1987 ፉያዎን አቋቁሞ ከዓለም ታላላቅ የመኪና መስታወት አምራቾች ተርታ አሰለፈው። ፉያዎ በ2014 ጄኔራል ሞተርስ በ2008 ዘግቶት የሄደውን የኦሃዮ ሞሬይን ፋብሪካ ገዛ፤ በጥቅምት 2016ም አስመረቀው። በ2019 የወጣውና ኦስካር ያሸነፈው «አሜሪካን ፋክተሪ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ያን ፋብሪካ ከውስጥ አሳይቷል፤ የቻይናና የአሜሪካ ሠራተኞች ጎን ለጎን በሙቀትና በስባሪ መካከል ሲሠሩ ይታያል። በኅዳር 2017 በተሰጠው ድምፅ ሠራተኞቹ ማኅበር ለማቋቋም የቀረበውን ሐሳብ 868 ለ444 ጣሉት። በፊልሙ ማገባደጃ ላይ ሥራ አስኪያጆቹ ለሊቀ መንበሩ ለጻኦ ሰዎች የሚተኩባቸውን ቦታዎችና የሚገቡትን ማሽኖች እያዞሩ ያሳያሉ። የሚሄዱት ሠራተኞች የሚሠሩት ከዚህ በላይ የተጠቀሰውን ነው፤ ማንሣት፣ መጫን፣ ማውረድ።

መስታወቱ ራሱም ከዕይታ መከለያነት አለፈ። በ1988 ኦልድስሞቢል ከትላስ ሱፕሪም ፍጥነትን በመስታወቱ ላይ አሳየ፤ እንዲህ ላለው መስታወት የሚሆነው ፕላስቲክ ውፍረቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየሳሳ እንዲሄድ ተደርጎ ይሠራል፤ አለዚያ ቁጥሩ ሁለት ሆኖ ይታያል። ቮልቮ ከ2008 ጀምሮ ከመስታወቱ በስተኋላ ያስቀመጠው መኪናውን በራሱ የሚያቆም የብሬክ ሴንሰርና ከዚያ ወዲህ የመጡት የመንገድ መስመር ካሜራዎች ደግሞ ከፋብሪካው የሚፈለገውን ልክ አጠበቡት። የካሜራው ማያያዣ በመስታወቱ ላይ በሮቦት ይጣበቃል፤ ጥቂት ዲግሪ ከተዛነፈ መኪናው ከሩቅ የሚያየው መንገድ ሌላ ቦታ ላይ ይሆናል።

ይኸው መስታወት በመንገድ ላይ በጠጠር ሲሰነጠቅ ግን ሮቦት አይጠራም። እያንዳንዱ መኪና ዝገቱ፣ አቧራውና ቀድሞ የተጠገነበት መንገድ ስለሚለያይ አንዱን ሁኔታ ከሌላው ማመሳሰል አይቻልም። ባለሙያው የድሮውን ማጣበቂያ በሽቦ ወይም በቢላ ይቆርጣል፣ አዲሱን መስታወት በሁለት የመምጠጫ እጀታ ከጓደኛው ጋር ተሸክሞ ያሳርፈዋል። ከዚያ በኋላ ካሜራው ዳግም እንዲስተካከል መኪናው በታወቀ ርቀት ላይ በተተከለ ሰሌዳ ፊት ይቆማል፤ ማስተካከያውን የሚያሰላው ኮምፒውተር ነው፣ ሰሌዳውን በሜትር ለክቶ የሚያቆመው ግን ያው ባለሙያ ነው።